ዘፈኑን ከነስሙ እናስቀምጥ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አምስት የኤምቲቪ የሙዚቃ ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን አቋረጡ። ከአምስቱ ሁለቱ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ክሊፖች የሚያሳዩ ነበሩ። እናት ጣቢያው ሐምሌ 25 ቀን 1973 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ዓለምን ዘፈን በዓይን ማየት አስለምዶ ነበር። ዛሬ ሰው የፈለገውን ክሊፕ ከስልኩ ስለሚያገኝ ተመልካቹ ሸሸ፤ ባለቤቱ ፓራማውንትም ወጪ ቀነሰ።

ይህ ወሬ የዋግ ኽምራ ዞን ከተማችንን ሰቆጣን ምን አገባት የሚል ይኖራል። እኔ ግን በጣም ያገባናል እላለሁ። የሙዚቃ ጣቢያ ዘፈን ከማሰማት ሌላ አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ከክሊፑ ግርጌ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ይጽፋል። ጣቢያው ሲዘጋ ዘፈኑ ስልክ ላይ ይተርፋል፤ ስሙ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

እዚህ ከተማችን የድሮ ዘፈን ያማረው ሰው ሚሞሪውን ይዞ ሞባይል ቤት ይሄዳል። ልጁ ሚሞሪውን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና «የድሮ» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጥለታል። ፋይሎቹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ዘፈን መሐሉ ላይ ተቆርጧል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ተጭኗል። አባት ድምፁን ሰምቶ ዘፋኙን ያውቃል፤ ልጅ ግን ማን እንደዘፈነው ሳያውቅ ያደምጣል።

የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ስም በዚህ አይጠፋም፤ አገር ያውቃቸዋል። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ባቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የወጡ ሸክላዎችም ኋላ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ ከነማብራሪያቸው ታትመዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የአካባቢያችን የዋግ ዘፈን ነው። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሻደይ ሲገባ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ይጫወታሉ። ካሜራም ይቀርጻቸዋል። ምስሉ ሲተላለፍ ግን «የሻደይ ጨዋታ» ተብሎ ይታለፋል። የምታወጣዋ ማን ናት? ዜማውን ከማን ተማረችው? ከየትኛው ቀበሌ መጣች? ይህ ካልተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ምስሉን የሚያየው ሰው ባለቤቱን ሊያውቅ አይችልም።

ለዋግ ብቻ የሚሆን የሙዚቃ ጣቢያ ይከፈትልን አልልም፤ በሀብታም አገር እንኳ እንዳልዘለቀ አይተናል። የምጠይቀው በእጃችን ባለው ነገር የሚሠራ ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣና ፕሮግራም አለው። ከዚያ ላይ በሳምንት አንድ ሰዓት ለድሮ ቅጂዎች ይስጠን፤ እያንዳንዱንም ከነባለቤቱ ስም ያሳየን። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም የቅጂዎቹን ግልባጭ ሰቆጣ ውስጥ ያስቀምጥ። በየወረዳው ያሉ መምህራንም ምስሉን ለእናቶችና ለአባቶች እያሳዩ «ይህች ማን ናት?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ይመዝግቡ።

ቴፕ ቢያረጅ ምናልባት ሌላ ሰው እጅ ላይ ግልባጩ ይገኝ ይሆናል። ስሙን የሚያውቁት እናቶቻችን ሲያልፉ ግን የምንጠይቀው ሰው የለም። ስለዚህ ሥራው ከመጪው ሻደይ በፊት ይጀመር።