የቡታጅራን ጉም በቁጥር መሳል

ተማሪዎች የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ጌም ኢንጂን የሚባለውን፣ ሲነካኩ ብዙዎቻችን መምህራን ጊዜ እንደሚያባክኑ አድርገን እንመለከታለን። እኔ ግን በዚህ ሶፍትዌር አጭር ተንቀሳቃሽ ትዕይንት መሥራት እንደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሥራ ሊቆጠር ይገባል እላለሁ።

ለምሳሌ በቡታጅራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጀፎረ ላይ በማለዳ ቆመናል እንበል። ከዘቢዳር ተራራ በኩል የመጣ ጉም መንደሩን ሸፍኖታል። የቅርቡ እንሰት አረንጓዴ ነው፤ ራቅ ያለው ግራጫ ሆኗል፤ የሩቁ ከነጭራሹ አይታይም። ይህን ማለዳ በኮምፒውተር ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የጉሙ ውፍረት ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ዐይኑ ደስ እስኪለው ድረስ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፊዚክስ ግን የተሻለ መንገድ ያሳየናል።

አንድ ጠቆር ያለ ግንድ ከዐይን የሚሰወርበትን ርቀት በእርምጃ እንለካ። ርቀቱ 130 ሜትር ቢሆን፣ 3.9ን ለ130 ስናካፍል 0.03 በሜትር እናገኛለን። ይህም ጉሙ ብርሃንን የሚያዳክምበት መጠን ሲሆን፣ ከግንዱ የሚመጣው ብርሃን በየ23 ሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ቀመሩ ለራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የግማሽ ዕድሜ ስንሸመድደው የኖርነው ያው ቀመር ነው፤ ልዩነቱ በጊዜ ፋንታ ርቀት መግባቱ ብቻ ነው።

ቀለሙም ምክንያት አለው። የጉም ጠብታዎች ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ስለሚበልጡ ሁሉንም ቀለማት በእኩል ይበትናሉ፤ ጉም ነጭ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በወልቂጤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በታኞቹ በአብዛኛው የአየር ሞለኪውሎች ናቸው። እነርሱም ሰማያዊውን ከቀዩ አራት እጥፍ ያህል ስለሚበትኑት ወደ ዐይናችን የሚደርሰው በአመዛኙ ቀዩ ነው።

ዋጋው አያስፈራም። ጎዶት የተባለው ጌም ኢንጂን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል። በ2025 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት ያገኘው የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም «ፍሎው» እንኳ የተሠራው ብሌንደር በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮምፒውተር የሰጡትን ቁጥር ሁሉ ይቀበላል፤ ተፈጥሮ ግን አትቀበልም። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት በማለዳ ተነሡና ጉሙን ለኩ። እኛ መምህራንም ያንን ልኬት ከነትዕይንቱ እንደ ቤተ ሙከራ ሪፖርት ተቀብለን ነጥብ እንስጥበት።