ለፅንሱም ለእናቲቱም

ዮሐንስ ገና በኤልሳቤጥ ማኅፀን ሳለ በደስታ እንደዘለለ የሚያምን ክርስቲያን ፅንስን «ገና ሰው አልሆነም» ሊል አይችልም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ይከለክላል፤ አንቀጽ 551 ግን መደፈርን፣ የእናትን ጤናና ሌሎች ምክንያቶችን ለይቶ ይፈቅዳል። «ክልከላ ሴቶችን ለስውር ማስወረድ ይዳርጋል» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን ይደፋል፤ ብዙ ሰባኪ ግን ዘሎት ያልፋል። ሆኖም የሚያስረዳው እናቲቱ መታከም እንዳለባት እንጂ ፅንሱ ሰው አለመሆኑን አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው የተደፈረችው ሴት ጥያቄ ነው፤ እሷን መውቀስ ግፍ ነው፣ የደፋሪውን ዕዳ ፅንሱ እንዲከፍል ማድረግም እንዲሁ።

ድርቅና ጦርነት በደቆሱት ዋግ ኽምራ ደግሞ ሕይወትን አከብራለሁ የሚል ምእመን፣ ከዝቋላ ምጥ ይዟት ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል ለምትጓዝ እናት አምቡላንስ መጠየቅ፣ ሳታገባ ላረገዘችም ከሐሜት ይልቅ መጠለያና ቀለብ ከኪሱ ማዋጣት አለበት።