ማንጋው ይሻላል ወይስ አኒሜው?

በዚህ እትም የማነሳው በየእረፍቱ የሚያጨቃጭቀንን ነገር ነው። "ናሩቶ ማንጋው ይሻላል ወይስ አኒሜው?" የሚለውን። 7ኛ ክፍል ውስጥ በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ልጆች አሉ፣ እውነቴን ነው። እኔ ግን የማነሳው ለሌላ ምክንያት ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ በመጽሔቱ ላይ ሁለት ገጽ ሥዕላዊ ታሪክ እንዲኖር ወስኗል። ምን ይሣል በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። አብዛኞቹ "ናሩቶን እንሣል" ይላሉ። እኔ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ በድምፅ ማጉያ የምናስተላልፈውን የራሳችንን ድራማ ወደ ሥዕል እንቀይረው እላለሁ።

መጀመሪያ ለመምህራኖቻችን ትንሽ ማብራሪያ። ማንጋ ማለት የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው፤ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አኒሜ ደግሞ ያው በቴሌቪዥን ወይም በስልክ የምናየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ናሩቶን የፈጠረው ማሳሺ ኪሺሞቶ ይባላል። ማንጋው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሲወጣ ቆይቶ በ700 ምዕራፍ፣ በ72 ጥራዝ አለቀ። (መጽሔት ላይ ነው የጀመረው፣ ልብ በሉ!) አኒሜው በ2002 ተጀመረ። የመጀመሪያው 220 ክፍል፣ ቀጥሎ የመጣው ሺፑደን 500 ክፍል አለው።

ሠዓሊው በሳምንት የሚያወጣው 20 ገጽ ገደማ ነው። አኒሜው ደግሞ ያንን በአንድ ክፍል ዋጥ ያደርገዋል። ሲደርስበት ምን ያድርግ? በየሳምንቱ መውጣት አለበት፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ማንጋው ውስጥ የሌለ ታሪክ ይጨምራል። ፊለር የምንለው ይሄንን ነው። ሳስኬ መንደሩን ጥሎ ከሄደ በኋላ፣ በመጀመሪያው ናሩቶ መጨረሻ አካባቢ፣ ከ70 በላይ ክፍሎች ተከታትለው ፊለር ናቸው። በዳታ ለሚያይ ልጅ ይሄ ስንት ብር እንደሆነ አስቡት። "ማንጋው ይሻላል" የሚሉት ልጆች እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

ግን ሮክ ሊ ከጋአራ ጋር ሲዋጋ እግሩ ላይ ያሰረውን ክብደት ፈትቶ ሲጥለው ታስታውሳላችሁ? ማንጋው ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅና አቧራው ሲነሳ ነው የምታዩት። አኒሜው ላይ ትሰሙታላችሁ፣ ከዚያ ሙዚቃው አለ፣ ፍጥነቱ አለ። እዚህ ላይ አኒሜው ያሸንፋል፣ በቃ። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ መጣላት ትርጉም የለውም። ማየት ያለብን አንድ ታሪክ መልኩን ሲቀይር ምን አዲስ ነገር አመጣ የሚለውን ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ቦሩቶ ነው። ቦሩቶ የናሩቶ ልጅ ነው። በፈተና ላይ በመሣሪያ አጭበርብሮ (ኮርጆ በሉት) አባቱ በሰው ሁሉ ፊት ከውድድሩ ያስወጣዋል። ይህ ታሪክ ሦስት ጊዜ ተነግሯል። በ2015 በፊልም፣ ከ2016 ጀምሮ ሚኪዮ ኢኬሞቶ በሣለው ማንጋ፣ በኋላም በ2017 በተጀመረው አኒሜ። ፊልሙ ይሮጣል። ማንጋው ያንኑ የፊልሙን ታሪክ ደግሞ ነው የሚጀምረው፤ ፊልሙን ያየ ሰው መጀመሪያ ላይ ብዙ አዲስ ነገር አያገኝም። አኒሜው ግን ከፈተናው በፊት ወደ 50 ክፍል ገደማ ትምህርት ቤት ውስጥ ያቆየናል። ሳራዳን፣ ሚትሱኪን፣ ኮምፒውተር የሚወደውን ደንኪን በደንብ እናውቃቸዋለን። ከዚያ ቦሩቶ ሲያጭበረብር ክፍላችን ውስጥ ያለ ልጅ ያደረገው ያህል ያሳፍራል። ብዙ ልጆች ያንን የትምህርት ቤት ክፍል "ይሰለቻል" ብለው ይዘሉታል። እኔ አልስማማም። ለእኔ ከሦስቱም የሚበልጠው እሱ ነው።

ሌላው ደግሞ ቅርንጫፍ ታሪክ ነው፣ ስፒን ኦፍ የሚሉት። አንድ የጎን ሰው ይወሰድና ዋና ይሆናል። ሮክ ሊ የራሱ ማንጋ አለው፤ ኬንጂ ታይራ ነው የሣለው። በ2012 ደግሞ አኒሜ ሆኖ 51 ክፍል ወጣለት። ሁሉም ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው ትንሽ ሆኖ ነው የተሣሉት፣ ኮሜዲ ነው። ሮክ ሊን መምረጣቸው ጎበዞች ናቸው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የሚሠሩትን የኒንጃ አስማት እሱ መሥራት አይችልም፣ ያለው ልፋት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ናሩቶን ያላየ ሰው አብዛኛው ቀልድ አይገባውም። ታናሽ እህቴን አስቀምጬ አሳየኋት፣ አንድም ጊዜ አልሳቀችም።

እኛ ክበብ ውስጥ "ናሩቶን እንሣል" ስንል የሚያጋጥመን ይሄው ነው። ዋይፋይ ያለው ልጅ ቀድሞ አይቶታል፣ ዳታ የሌለው ልጅ ደግሞ አይገባውም። ለማን ነው የምንሥለው ታዲያ?

በሀገራችን ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሱ ሰዎች አሉ። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የልጆች ፕሮግራም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቀጭኔዋ ፀሐይ። የፈጠረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ በፊት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። በቴሌቪዥን ታዋቂ ከሆነ በኋላ እዚያ ላይ አላቆመችም። ገጠር ውስጥ ቴሌቪዥን የሌላቸው ልጆች አሉ ብላ ለልጆች የሬዲዮ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሳች፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። እስቲ አስቡት፣ ቀጭኔ በሬዲዮ! አንገቷ አይታይም። ስለዚህ ድምፁ ሁሉን ነገር መሸከም አለበት።

ከዚያም በፊት "ፍቅር እስከ መቃብር" አለ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ በሬዲዮ ተረከው። አያቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ነው የምታወራላቸው። "መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ሬዲዮው?" ብላችሁ ብትጠይቋት ትስቅባችኋለች፤ ለእሷ መጽሐፉ ራሱ ሬዲዮው ነው።

ሥዕልም ቢሆን ከጃፓን ብቻ አይመጣም። በሥራት ደበበ ያዘጋጀው "ጀምበር" የሚባል ኮሚክ በአማርኛም ወጥቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኃይል አግኝቶም ከተማው ያው የእኛው ከተማ ነው።

ወደ እኛው ድራማ ልመለስ። ረቡዕ ጠዋት ሲተላለፍ ሰልፉ በሙሉ የሚስቀው በዋናው ገጸ ባሕርይ አይደለም፣ በታክሲ ረዳቱ ነው። "መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው የቀረው!" ሲል፣ ታክሲው ግን ባዶ ሲሆን። በየክፍሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አይናገርም። እሱ ነው የእኛ ሮክ ሊ። ከገርጂ እስከ መገናኛ በአንድ ጉዞ ስንት ሰው ያገኛል! የራሱ ታሪክ ይገባዋል።

ዋናው ምክንያቴ ግን ይሄ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ክፍል አለ። ረቡዕ ረቡዕ እነሱም ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። እኛ ስንስቅ ፊታችንን ያያሉ። ባለፈው አንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ "ምን አለ?" ብሎ ጽፎ አሳየኝ። እኔም "ታክሲው ባዶ ነው፣ እሱ አንድ ሰው ቀረው አለ" ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፣ በትህትና ፈገግ አለ። አላሳቀውም። ለምን መሰላችሁ? ቀልዱ ያለው ረዳቱ በሚጎትተው ድምፅ ውስጥ ነው፣ እኔ የሰጠሁት ግን ቃሉን ብቻ ነው።

ስለዚህ የድራማውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠን ከጎኑ ሥዕል ብናደርግ አይሠራም። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሣል፤ "መገናኛ" የሚለው ፊደል ከአፉ ወጥቶ እየተለቀ ከሥዕሉ ፍሬም አልፎ ይሂድ። ማንጋ ውስጥ ድምፅ እንደዚህ ነው የሚሣለው። በሚቀጥለው ሥዕል ወንበሮቹ በሙሉ ባዶ ሆነው ይታዩ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ። ይሄ ድራማውን ለሰማነውም አዲስ ነው፣ ለማይሰሙትም ሙሉ ነው።

"ድራማውን ሰምተነዋል፣ ማን ደግሞ ያነበዋል?" ለሚሉ ጓደኞቼ፦ ቦሩቶን ሦስት ጊዜ አይታችሁታል እኮ!

መሣል የምትችሉ ልጆች፣ ከየትኛውም ክፍል ብትሆኑ፣ አርብ በረጅሙ እረፍት የሚኒ ሚዲያ ክፍል እንገናኝ፤ እርሳስና ላጲስ ያዙ። እጅ መሣል የሚችል ሰው በጣም ያስፈልገናል፣ እኛ የሣልነው ሁሉ ካሮት ነው የሚመስለው። ረቂቁ ወደ መጽሔቱ ከመገልበጡ በፊት መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል እንዲደርስ ለክበቡ ኃላፊ መምህራችን ጥያቄ አቅርቤያለሁ። ያልገባቸው ሥዕል ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ያደርጉበታል፣ እኛ ያንን ሥዕል እንደገና እንሠራዋለን።