ምናባዊት ነሽ አሉሽ?

እንግሊዝኛው «ቨርቹዋል አሲስታንት» ይላታል። የኛ ተርጓሚዎችም ጊዜ ሳያጠፉ «ምናባዊ ረዳት» አሏት። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ምናባዊ የምላት ሰብለ ወንጌልን ነበር። ሰብለ ወንጌል ከሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር የወጣች ናት፤ የቤት ኪራይ አትከፍልም፤ መብራት ሲጠፋ «ኢንተርኔቱ ሊቋረጥብኝ ነው» ብላ አትደነግጥም። ዛሬ ምናባዊት የምትባለዋ ልጅ ግን ኪራይ ትከፍላለች፣ ትደነግጣለች፣ ሽሮ ትበላለች፣ ሲነጋ ወገቧን ያማታል። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ምናባዊት የሆነችው?

ስለማውቃት አንዲት ልጅ ነው የምናገረው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ናት። አሁን አዲስ አበባ፣ ከአንድ ክፍል ቤቷ ሆና አሜሪካ ያለ አንድ የልጆች ዳንስ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። «ትረዳለች» ነው የሚሉት፤ ሥራዋን ስትዘረዝርልኝ የሰማሁት ግን ማስተዳደር ነው። የባሌቱን፣ የጃዙንና የታፑን ክፍል ፕሮግራም ታወጣለች። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን የክፍያ መጠየቂያ ትልካለች፤ ካርዱ አልሠራ ያለውን ወላጅ ሳታስቀይም ታስታውሳለች። የቀረች ልጅ በየትኛው ቀን ማካካሻ እንደምትገባ ትፈልጋለች። ለዓመቱ መጨረሻ ትርኢት የሚታዘዘውን ልብስ ልኬት የምትሰበስበውም እሷ ናት፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ደግሞም ከትከሻ ተነስቶ በእግር መሀል አልፎ ተመልሶ ትከሻው ላይ የሚገጥመውን ዙሪያ። በዓይኗ አይታቸው የማታውቅ የስንት ልጆችን ልኬት በቃሏ ታውቃለች መሰላችሁ!

ሰዓቱንም ስሙልኝ። እነዚያ ልጆች የሚደንሱት ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ነው። በምሥራቃዊው አሜሪካ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን፣ እዚህ በነሱ በጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የመጨረሻው ክፍል ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲያልቅ እኛ ዘንድ ሌሊቱ 10 ሊሆን ይችላል። እነሱ በኛ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ የሷ ሌሊት በአንድ ሰዓት ይገፋል።

ይኼ ሰውዬ ሥራ ሊያስፈታ ተነሳ እንዳትሉኝ። ዳንስ አስተማሪ ረዳት ያስፈልጋታል። በሁለት እጇ የሕፃን ክርን እያቃናች ስልክ ማንሳት አትችልም። ስልኩ ካልተነሳ ደግሞ ወላጁ ሌላ ቤት ይሄዳል። ለልጅቷም ቢሆን ገቢው ገቢ ነው፤ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚከፈለው ሰው ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዞ የሚቀጥረው አጥቶ የሚንከራተት ልጅ ላየ መምህር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። 

ጠቤ ከፊርማው ጋር ነው።

ልጅቷ ሥራ ስትጀምር የተሰጣት የመጀመሪያ ትእዛዝ «እኔን ሆነሽ ጻፊ» የሚል ነበር። ከሷ እጅ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ የባለቤቷ ስም አለ። ወላጆቹ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሰው ስለነሱ እንደምትጨነቅ አያውቁም። ልጅቷም ትችልበታለች፤ ምን ይደረግ፣ «የተራኪ ድምፅ» የሚባለውን ነገር አስተምረን ነጥብ የሰጠናት እኛው ነን! የባለቤቷን ሳቅ፣ ነጠላ ሰረዝ አበዛዟን፣ የምትወደውን ቃለ አጋኖ ሳይቀር ይዛዋለች።

አንድ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ጻፈች። ልጇ ከክፍል በወጣች ቁጥር መኪና ውስጥ ታለቅሳለች። ሌሎቹ ልጆች ስለ ሆዷ አንድ ነገር ብለዋት መስተዋቱ ፊት መቆም አፍራለች። የኔዋ ልጅ ቁጭ ብላ ረጅም መልስ ጻፈች። «ጋሼ፣ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ክፍል ውስጥ ሰውነቴን እየደበቅሁ ነበር የምቀመጠው፤ እሱን ነው የጻፍኩላቸው» አለችኝ። የራሷን ልጅነት ጽፋ ስትጨርስ በሰው ስም ፈረመች። 

በሳምንቱ እናትየው ባለቤቷን በር ላይ አቅፋ አመሰገነቻት። ባለቤቷ በምን እንደምትመሰገን አላወቀችም፤ ዝም ብላ ፈገግ አለች። ማታውኑ አዲስ አበባ ቁጣ መጣ፦ «ለምን አልነገርሽኝም?» ነግራት ነበር። የዕለቱ ሪፖርት ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ ስለታዘዘች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «አንዲት ወላጅ ቅር ብሏቸው ነበር፤ መልስ ተሰጥቷል» ብላለች። ትንሿ ልጅስ? ምንም ከማታውቅ አስተማሪ ፊት፣ እዚያው መስተዋት ሥር አንድ ሳምንት ሙሉ ቆማለች።

አሁን ይህ የማን ጥፋት ነው? እኔ ፊርማውን እከሳለሁ። መልሱ «እኔ ረዳቷ ነኝ፤ ነገሩን ለአስተማሪዋ ዛሬውኑ አደርሳለሁ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ እናትየው ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ ይገባት ነበር። ለልጅቷም ዝም ብላ የምታልፈው ነገር አይሆንም ነበር፤ ቃሏ ነዋ! አስተማሪ ሆኖ መልስ የሰጠ ሰው ግን ለማን ያደርሳል? 

«ድሮስ ጸሐፊ በሰው ስም ይጽፍ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጽፋል። ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው በባለጉዳዩ ስም ነው የሚጽፈው። ባለጉዳዩ ግን አጠገቡ ተቀምጦ ይናገራል፤ ተነቦለትም ይፈርማል። ቤተ መንግሥቱን ተመልከቱ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ሲጽፉ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልተደበቀም። በ1934 ዓ.ም. መውጣት በጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም በንጉሠ ነገሥቱ ቃል ከወጣው ጽሑፍ ግርጌ የጽሕፈት ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ስም ይታተም ነበር። የንጉሠ ነገሥት ቃል የጸሐፊን ስም ከቻለ፣ የማካካሻ ክፍል ማስታወቂያ የማይችልበት ምክንያት ምንድነው?

መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። ስም ያለው ሰው ጥያቄ አለው። የኛ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወለደች ሴት በጠቅላላው 120 ቀን ይሰጣል። የኔዋ ልጅ ግን በወረቀቱ ላይ «ራሷን የቻለች ተቋራጭ» ናት። ሲያማት የሚከፈላት የለም። ምናብ ይታመማል እንዴ?

እዚህ ላይ ቃሉ ለአሠሪው ምን ያህል እንደተመቸው እዩ። በ2011 እ.ኤ.አ. የመጣችው የአይፎኗ ሲሪም ቨርቹዋል አሲስታንት ናት፤ ሲሪ ማሽን ናት፣ አትተኛም፣ አትወልድም። ሰውና ማሽን አንድ ስም ሲይዙ ለማሽኑ የሚገባው አያያዝ ወደ ሰውየዋ ይሻገራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. ፎን ኬምፕለን የተባለ ሰው በኦስትሪያ ቤተ መንግሥት ቼዝ የሚጫወት አሻንጉሊት አቅርቦ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ሳጥኑ ውስጥ ሰው ተደብቆ ነበር። ኤድጋር አለን ፖ በ1836 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ በጻፈው መጣጥፍ፣ አሻንጉሊቱ ሲጫወት ከአሳዪው ረዳቶች አንዱ ሁልጊዜ እንደሚጠፋ ልብ ብሏል፤ ያ ሰው ሲታመም ትርኢቱም ይቋረጣል። አማዞን በ2005 እ.ኤ.አ. ጥቃቅን ሥራ ለሰው የሚያከፋፍልበትን አገልግሎት በዚያው አሻንጉሊት ስም «መካኒካል ተርክ» ብሎ ሰየመው። ሳይደብቁ፣ በቀልድ መልክ ነገሩን!

እኛም አገር «ከቤትሽ ሳትወጪ በዶላር ተከፈይ» እያሉ የሚያሠለጥኑ ወገኖች አሉ። ክፉ አይደሉም። ነገር ግን «ጎበዝ ረዳት የማትታይ ናት» ሲሉ ጆሮዬ ሰምቷል። ለስንት ዘመን ከጓዳ ሆና ሳትታይ እንድትሠራ ያሳደግናትን ልጅ፣ ገንዘብ አስከፍለን ይህንኑ ደግመን እናስተምራት?

«ወላጆች የውጭ ስም ካዩ ይሸሻሉ» የሚል ክርክርም አለ። እንግዲህ ልጁን በታማኝነት እመኑኝ ብሎ የሚቀበል ቤት፣ በሩ ላይ የሚያነጋግረውን ሰው ማንነት ሲደብቅ ነው የሚታመነው? ፕሮግራሙን፣ ደረሰኙን፣ ልኬቱን፣ ተራ መጠበቂያውን ሁሉ ስጧት፤ በስሟ ትላክ። ስለሚያለቅስ ልጅ የሚመጣውን ደብዳቤ ግን አስተማሪዋ ራሷ ታንብብ፣ ራሷ ትመልስ። ጊዜ የለኝም ካለች፣ ረዳት የቀጠረችው ጊዜ እንዲኖራት አልነበረም ወይ?

የዓመቱ ትርኢት በነሱ ሰኔ ነው። ያን ዕለት በሚታደለው መጽሔት ላይ ልብስ ያዘጋጀው፣ መብራት የያዘው፣ አበባ የሸጠው ሁሉ ስሙ ይታተማል። መጽሔቱን አሰናድታ ወደ ማተሚያ ቤት የምትልከው የኔዋ ልጅ ናት፤ ስሞቹ እንዳይሳሳቱ ሁለት ጊዜ ታነባለች። የሷን እንዴት እንደሚጻፍ ያላወቀ ይጠይቃት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታ ያገኛታል።