ስሟ በፎቶግራፍ ሲጻፍ

ልጃችሁ «ለምን ይህን ስም አወጣችሁልኝ?» ብሎ ጠይቋችሁ ያውቃል? ምናልባት «ደስ ስላለን ነው» ብላችሁ አልፋችሁት ይሆናል። በአገራችን ግን ስም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አይወጣም። ወላጆች ያለፉበትን ዘመን፣ የጠበቁትን ተስፋ ወይም የደረሰባቸውን ኀዘን በልጃቸው ስም ያኖሩታል። ተስፋዬ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ምትኬ የሚሉት ስሞች ከኋላቸው ታሪክ አላቸው። ሐናም ልጅዋን ሳሙኤል ስትለው ምክንያቱን አብራ እንደ ተናገረች በ1ኛ ሳሙኤል 1፥20 ተጽፏል። ስሙን ሰጥተን ምክንያቱን ካስቀረንበት፣ ልጁ የያዘው ግማሹን ብቻ ነው።

በዚህ እትም የልጃችሁን ስም ከቤተሰባችሁ ፎቶግራፎች በኮምፒውተር እንዴት እንደምትሠሩ እናያለን። ፊደሎቹ በቀለም ፈንታ በፎቶግራፍ ይሞላሉ፤ ከዚያም ታትሞ በፍሬም ይሰቀላል። የእኛ ፊደል ለዚህ ይመቻል። ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ ስሞቻችን አጫጭር ናቸው። «ምትኬ» 3 ፊደል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 3 ፎቶ ይበቃል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከባዱ ሥራ እነዚህን 3 ፎቶዎች መምረጡ ነው። ሁለታችሁም በየፊናችሁ 3 ፎቶ ምረጡ፤ ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ «ይህን ለምን መረጥሽ?»፣ «ይህንስ ለምን ተውከው?» ተባባሉ። ሁልጊዜ ፎቶ አንሺ የምትሆነው እናት በአንዱም ላይ እንደሌለች የምታስተውሉት ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል።

ምትኬ የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሌላ ልጅ ካረፈ በኋላ ለተወለደ ነው። ታዲያ የሟቹ ፎቶ በስሟ ውስጥ ይግባ? ይህን አንዳችሁ ብቻችሁን አትወስኑ። አንዱ ፎቶውን እያየ ይጽናናል፤ ሌላው ፎቶውን ማየት ገና አልቻለም። ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ለጊዜው ይቆይ፤ በኋላ መጨመር ይቻላል። ከተስማማችሁም ከ3ቱ ፊደሎች ቢያንስ 2ቱ የራሷን ፎቶ ይያዙ። ምትኬ ስሟ ነው እንጂ ሥራዋ አይደለም። የሌላውን ቦታ ልትሞላ የመጣች መስሏት ማደግ የለባትም።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። የወረቀት ፎቶ ካላችሁ በስካነር በ300 ዲፒአይ፣ ትንሽ ከሆነ በ600 ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ስካነር ከሌለ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ሳታጋድሉ ከላይ አንሡት። ፎቶሾፕ ያላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. አዲስ ገጽ በኤ4 መጠን፣ በአግድሙ፣ በ300 ሬዞሉሽን ክፈቱ። ይህም 3508 በ2480 ፒክሰል ይሆናል።

2. ወፍራም የፊደል ዓይነት ምረጡ። በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ «ብላክ» የሚባል ውፍረት አለው፤ ለዚህ ይስማማል።

3. እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ ሌየር ላይ በትልቁ ጻፉ። ሌየር ማለት እንደ መስታወት አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ገጽ ነው።

4. የመጀመሪያውን ፎቶ ከ«ም» ሌየር ቀጥሎ በላዩ አስቀምጡ። በሌየሮቹ ዝርዝር ውስጥ ፎቶውን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ክሪኤት ክሊፒንግ ማስክ» የሚለውን ምረጡ። ፎቶው በፊደሉ ቅርጽ ውስጥ ብቻ ይታያል። ለ«ት» እና ለ«ኬ»ም እንዲሁ አድርጉ።

5. ኮንትሮልና ቲን ተጭናችሁ ፎቶውን አሳንሱ ወይም አንቀሳቅሱ። እንደ «ም» ያለው ፊደል ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ፣ ፊት በዚያ ላይ ከዋለ ይጠፋል። ስለዚህ ፊቱ በወፍራሙ መስመር ላይ እንዲውል አድርጉ። ካልሆነላችሁ ከስሙ በታች ሙሉ ፎቶዎቹን በትንሹ ደርድሩ።

ፎቶሾፕ ክፍያ ይጠይቃል፤ ጊምፕ የሚባለው ፕሮግራም ግን በነፃ ይገኛል። በጊምፕ የፊደሉን ሌየር በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «አልፋ ቱ ሴሌክሽን» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በፎቶው ሌየር ላይ «አድ ሌየር ማስክ» ብላችሁ «ሴሌክሽን» የሚለውን ምረጡ።

ስትጨርሱ ሁለት ቅጂ አስቀምጡ። አንዱ ሌየሮቹ ያልተዋሐዱበት ይሁን፤ ፎቶ ለመለወጥ ይጠቅማችኋል። ሌላው በጄፔግ ወይም በፒዲኤፍ ሆኖ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ነው። ከማሳተማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ፊት አጉልታችሁ እዩ፤ በስክሪን ላይ ያልታየ ብዥታ በወረቀት ላይ ይታያል።

ፍሬሙን ለልጅቱ ስትሰጧት ግን ሰጥታችሁ ብቻ አትሂዱ። አባትና እናት ሁለታችሁም አጠገቧ ተቀመጡ። ከ«ም» ጀምራችሁ በየፊደሉ ውስጥ ያለውን ለዕድሜዋ በሚሆን ቃል ንገሯት። ከጠየቀች መልሱላት፤ ካለቀሳችሁም አብራችሁ አልቅሱ። ከዚያ በኋላ በስሟ ስትጠሯት ለምን እንደምትጠሯት ታውቃለች።