መድረኩስ ተሰጠ፤ ዋጋውስ?

ኪነት በአዋጅ አትወለድም፤ በአዋጅ ግን ልትታነቅ ትችላለች። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

በ1940ዎቹ መባቻ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። መብቱ በሚገባ ሳይሠራበት ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። አቶ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መባቻ ክልከላውን ደፍረው ሸክላ ባሳተሙ ጊዜ፣ የጠፋው ፈቃድ እንጂ አድማጭ እንዳልነበረ ተረጋገጠ። በኦሮምኛ ማዜም ደግሞ በራሱ በጥርጣሬ ይታይ ነበር፤ በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ ቡድን የደረሰበት ወከባ የታወቀ ነው።

ደርግ በአንድ እጁ ሰጠ፤ በሌላው ነሣ። የቀበሌና የክፍለ ሀገር የኪነት ቡድኖች የብሔረሰቦችን ዜማ ወደ መድረክ አወጡ። ይሁን እንጂ ግጥሙ በሳንሱር ተበጠረ፤ የሰዓት እላፊ ገደቡም ሙዚቀኛው እንጀራውን የሚያገኝበትን ምሽት ቀማው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቋንቋው በር ተከፍቷል። የኦሮሚያ ብሮድካስት ድርጅት ማእከሉን አዳማ ላይ አድርጎ ተቋቋመ። በአፍረን ቀሎ ያደጉት ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያው አዳማ ሲያርፉ፣ ቀድሞ የተዋከበው ድምፅ በመንግሥት ክብር ተሸኘ።

ታዲያ ጥያቄው በዚህ አበቃን? «ለከያኒ መድረክ ከተሰጠው ምን ቀረው?» የሚሉ አሉ። ስሕተታቸው እዚህ ላይ ነው። የበዓል መድረክ በማግስቱ ይፈርሳል፤ ዘፈኑ ግን በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ሆቴሎችና አውቶቡሶች ዓመቱን ሙሉ ይሰማል። ባለሆቴሉ እንግዳ ይስብበታል፤ ሾፌሩ ተሳፋሪ ያዝናናበታል። ጭብጨባ ደመወዝ አይሆንም።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከያኒውን መብት ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ክፍያው በጋራ ማኅበር የሚሰበሰብበትን መንገድ አመለከተ። ሕግ አለ፤ የሚጎድለው ሕጉን እስከ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ድምፅ ማጉያ ድረስ የሚያደርስ ክንድ ነው። ስለዚህ የባህል ኃላፊዎች በየበዓሉ የተጋበዙትን ድምፃውያን ከመቁጠር ይልቅ፣ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር የድርሻውን ያገኘውን ሙዚቀኛ ይቁጠሩ። የፖሊሲ እውነተኛ ሚዛን ይኸው ነው።