ሁለት ቀን በጀጎል

ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይነሣል፤ አንዱ ስንቁ ነው፥ ሁለተኛውም አስቀድሞ የሰማው ወሬ ነው። ስንቁ በመንገድ ያልቅለታል፤ ወሬው ግን እንደ ታሰረ ሄዶ እንደ ታሰረ ይመለሳል። ብዙ ቤተ ሰብ በዕረፍት ቀን ወጥቶ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ደክሞት ሲመለስ «ምን አያችሁ?» ቢሉት የሚናገረው ከመሄዱ በፊት ያውቀው የነበረውን ነው። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን አንድ ነገር አግኝቻለሁና ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናገር፤ ይኸውም በዚያች ከተማ ተወልዶ ካደገ፥ ታሪኳንም ከእኛ በሌላ በኩል ቆሞ ከሚያውቅ የቅርብ ወዳጅ ጋር ሳይቸኩሉ መሄድ ነው።

በድሬዳዋ በአንድ ትምህርት ቤት 16 ዓመት አብሮኝ ያስተማረ ወዳጅ አለኝ። እርሱ ሒሳብ ያስተምራል፥ እኔ አማርኛና ታሪክ። እርሱ በሐረር በጀጎል ውስጥ የተወለደ ሙስሊም ነው፤ እኔም ከሸዋ፥ ከአንኮበር ወገን የመጣሁ፥ ዳዊት ደግሜ፥ ዲቁና ተቀብዬ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባሁ ነኝ፤ ስለዚህም ሲቀልድብኝ «ዲያቆን» ብሎ ይጠራኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የምንገናኘው በመምህራን ክፍል፥ በሰርግና በለቅሶ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ሥራና ያለ ድንኳን አብረን ውለን አናውቅም። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እኔም ለጉዳይ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ጉዳዬን ፈጽሜ በዚያው ቀን እመለስ ነበር እንጂ ከግንቡ ውስጥ አድሬ አላውቅም። እንግዲህ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ተሳፍረን የደንገጎን ዳገት ወጣን።

ከመነሣታችን በፊት የምግቡን ነገር ተስማምተናል። እርሱ የሚበላውን ሥጋ እኔ አልበላም፥ እኔ የምበላውንም እርሱ አይበላም፤ ይህም በአገራችን የታወቀ ስለ ሆነ ማንም ማንንም አያስቀይምበትም። ስለዚህ ሁለቱን ቀን ሥጋ ሳንቀምስ ለመሰንበት ተስማማን። «ያለ ዐቢይ ጾም አስጾምኸኝ» አለኝ፤ እኔም ጾም ማለት ከፉልና ከማንጎ የከፋ መሆኑን አስረዳሁት።

ሐረርን የሚያጥረው ግንብ ጀጎል ይባላል፤ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ከጥንት ያሉት በሮች አምስት ሲሆኑ በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ፤ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከተማይቱን በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ሲመዘግባት በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የወሊ መታሰቢያ ሥፍራዎች እንዳሉ ጽፏል። የግንቡ ውስጥ መሬት 48 ሄክታር መሆኑን ስነግረው ወዳጄ በመንገድ ላይ ቆሞ በጣቱ አሰላና «ለአንድ መስጊድ ከእግር ኳስ ሜዳ ያነሰ መሬት ይደርሰዋል» አለ። የሒሳብ መምህር ይዞ መሄድ ይህ ጥቅም አለው።

ይህን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር ነው። እዚህ ላይ ከሁለታችን የትምህርት ቤት ወሬ የሚከብድ ነገር መጣ። ስሙን እኔ በልጅነቴ ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነበርና፤ በ1551 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ዐፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደዚህች ከተማ ተወስዷል። ወዳጄ ደግሞ አሚሩን የሚያውቀው ለሕዝቡ ቅጥር እንደ ሠራ አባት ነው፤ አረንጓዴ የተቀባው መቃብሩም በጀጎል ውስጥ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ወደዚያ ሲደርስ ጫማውን አወለቀና እጁን ዘርግቶ ጸለየ። እኔ ከደጅ ቆየሁ። ሲወጣ «ምን ታስባለህ?» አለኝ፤ «የገላውዴዎስን ራስ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እኛ የተማርነው ግንቡን ብቻ ነው» አለ። ከዚያም ቀኑ ስለ ሞቀ ወደ ጥላ ሄድን።

በጀጎል ውስጥ መንገዱ እንደ ፈትል ይጠመዘዛል። ልብስ ሰፊዎች በመደዳ የተቀመጡበትን መንገድ ሰዎቹ በመኪናው ድምፅ «መኪና ግርግር» ብለውታል፤ ከዚህ የተሻለ ስም አወጣለሁ የሚል ባለ ቅኔ ቢኖር ይሞክር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ አንድ ጠባብ መተላለፊያም አለ፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ቢገናኙ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ እያሉ ለእንግዳ ያሳያሉ። የራምቦ ቤት የሚሉትን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤትም አየን። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ራምቦ በ1873 ዓ.ም. የአንድ ነጋዴ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ወደ ሐረር ገባ፤ በ1883 ዓ.ም. በጉልበቱ ሕመም 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ ወሰዱት። ቤቱ የሕንድ ነጋዴ የሠራው ነው፤ ባለ ቀለሙ መስተዋት ያምራል፤ ከዚያ በላይ አልቆየንበትም።

የቆየነው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፥ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዘመን የሰበሰቧቸው ጥንታውያን ቅርሶች በሚገኙበት ቤተ መዘክር ነው። እውነቱን ለመናገር በሐረር ብራናዬን የሚያስታውሰኝ ነገር አገኛለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። በልጅነቴ ቆዳ ፍቄ፥ ቀለም በጥብጬ፥ ዳስ ሥር የተማርሁ ሰው ነኝና በመስተዋቱ ውስጥ ያሉትን የእጅ ጽሑፎች ሳይ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። የእነርሱ መጽሐፍ በወረቀት ነው፥ የእኛ በብራና፤ የእነርሱ ሽፋን ከፊት የሚታጠፍ ክዳን አለው፥ የእኛ በእንጨት ገበታ ላይ ቆዳ የተለበጠ ነው። ነገር ግን በቆዳው ላይ በብረት የታተመው ሐረግ፥ የከበረውን ቃል ከሌላው የሚለየው ቀይ ቀለም፥ በዳር የተጨመረው የተማሪ ማስታወሻ ሁሉ የማውቀው ነው። የሐረር ጠራዦች በሙያቸው የታወቁ መሆናቸውን በ1847 ዓ.ም. ወደዚህ የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ሳይቀር አመስግኖ ጽፏል። ወዳጄ ግን እነዚያን መጻሕፍት ከልጅነቱ ጀምሮ ስላያቸው በጥንቃቄ ተመልክቷቸው አያውቅም ነበር። እኔ የጠርዙን ስፌት እያሳየሁ «ይህ እንዲህ ይሰፋል፥ ይህ እንዲህ ይለበጣል» ስለው ሰማኝና «የእኔን ቤት አንተ ታሳየኛለህ?» ብሎ ሳቀ።

ወደ ማታ ወደ እናቱ ቤት ሄድን። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት ደብዛዛ ግንብ ነው፤ ጌጡ ሁሉ ከውስጥ ነው። ጫማ አውልቀን ገባን። ሰው የሚቀመጥባቸው ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ፤ አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ነው፥ ከዚያ ሆኖ የሚገባውን ሰው ያያል። በግድግዳው ላይ 11 መስኮት መሳይ ዕቃ ማስቀመጫዎች ተበጅተዋል፤ የቀረው ግድግዳ በስፌትና በሸክላ ዕቃ ተሸፍኗል። እናቱ የዲያቆንነቴን ነገር ሰምተው ኖሮ ሁልበት መረቅ የሚሉትን የአብሽ ወጥ ሥጋ ሳያስገቡ ሠርተው፥ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢም አቅርበው ጠበቁን።

መደቡ ሁሉ በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ወዳጄ በመዳፉ ዳበስ አድርጎት «ይህ ለምን ቀይ እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ አነበብሁት እንጂ ከሰው አፍ አልሰማሁትም። በ1879 ዓ.ም. የያን ጊዜው የሸዋ ንጉሥ የምኒልክ ጦር በጨለንቆ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ፤ በዚያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ሐረሪዎች ነደባቸውን ቀይ ይቀባሉ ይባላል።

በእኛ ቤት ጨለንቆ የሚነገረው በሌላ ቋንቋ ነው። ቅድመ አያቴ ከዚያ ዘመቻ በሕይወት ሲመለስ አንድ ጋሻ ይዞ መጣ። ጋሻው በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ በየበዓሉም ታሪኩ ይነገር ነበር። የጋሻው ባለቤት ማን እንደ ነበረ ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም። በዚያ ቀይ መደብ ላይ ተቀምጬ የሰው እንጀራ እየበላሁ ይህን መደበቅ አልሆነልኝምና ለእናቱ ነገርኋቸው። ወዳጄ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

እናቱ ጥቂት ዝም አሉና «የእኔ ቅድመ አያት ከጨለንቆ አልተመለሰም። ያንተ ተመልሷል፤ ባይመለስ ዛሬ አንተ ከዚህ አትቀመጥም ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ጋሻው አሁን የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጣሪያው አፍስሶበት በስብሶ መጣሉን ነገርኋቸው። «እንግዲያ ብላ፥ ልጄ፤ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ሌሊቱን ከዚያው አደርን። ከራት በኋላ ጅብ ሲመገብ ለማየት ከግንቡ ውጭ ወጥተን ነበር፤ ሰውዬው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቶ በአፉ ይዞ ያጎርሳል፥ ጅቡም እንደ ቤት ውሻ ይቀበለዋል። በግንቡ ሥር ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ወዳጄ «አንተም አጉርስ» ቢለኝ ሥጋ አንበላም ብለን ተስማምተናልና በእጄም አልይዝም ብዬ አመለጥሁ።

እሑድ ጧት ለቅዳሴ ወደ መድኃኔ ዓለም ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በከተማይቱ እምብርት፥ የፈረስ ገበያ ማለት በሆነው በፈረስ መጋላ ነው። የታነጸውም ሐረር ከተያዘች በኋላ፥ ግብጾች ከተማይቱን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ወዳጄ በአደባባዩ ዳር ከቡና ቤት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ቅዳሴው ረዘም ብሎ ነበርና ስወጣ ሦስተኛ ስኒውን ይጠጣ ነበር። «ስለ እኔም ጸለይህ?» አለኝ። «በስምህ» አልሁት። «እኔም ትናንት ከአሚር ኑር መቃብር ላይ ስምህን ጠርቻለሁ፤ እንዳትቀየም ብዬ አልነገርሁህም» አለ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁምና የቡናውን ሒሳብ ከፈልሁ።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ከግንቡ ውጭ የራስ መኰንን ሐውልት ቆሞበት በነበረው ቦታ በኩል አለፍን። ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ሐረርን የገዙ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት ናቸው። በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚያሳየውን ሐውልት የቀረጸው አፈወርቅ ተክሌ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ተጥሎ ፈረሰ። እኔ ሐውልቱን እወድደው ነበርና ማዘኔን ሳልደብቅ ነገርሁት። እርሱም እንዲህ አለኝ፦ «በልጅነታችን ቀጠሮ የምንይዘው ከፈረሱ ሥር ነበር። ሰውየውን አልወደድኋቸውም፤ ቤታችን ውስጥ ሲነገርላቸው የሰማሁት ደግ ነገር የለም። ሐውልቱ ሲወድቅ ግን ደስ አላለኝም። እንደዚያ ሲጎትቱት ያየሁ ጊዜ ነገ ደግሞ የማንን ይሆን አልሁ።» የሚኒባሱ ረዳት «ድሬ፥ ድሬ» እያለ ይጣራ ስለ ነበር ንግግራችን በዚያ ተቋረጠ።

እናቱ ለባለቤቴ ብለው አንድ ትንሽ ስፌት ሰጥተውኝ ነበር፤ በጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁልቁለቱን ወረድን። ደንገጎ ስንደርስ ወዳጄ «በሚመጣው የትምህርት ቤት ዕረፍት አንኮበር ውሰደኝ፤ ጋሻው የተሰቀለበትን ቤት ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። ቤቱ አሁንም አለ፤ ምሰሶውም አለ። ቀኑን ቈርጠን ለአጎቴ በስልክ ነግሬአለሁ፤ ወዳጄም ከወዲሁ የአንኮበርን ብርድ እየፈራ ጋቢ ይጠይቀኛል።